ሳቅም አደብ አለው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ሰሞኑን ከጁሙዓ ሶላት በኋላ በየመስጂዱ ግቢ አንድ ክርክር ይሰማል። ወጣቶቻችን ተቃውሟችን ላይ ቀልድ ማስገባት ጀምረዋል። ወረቀት ላይ የሚያስቅ ነገር ጽፈው ከፍ ያደርጋሉ፤ የዜና አንባቢውን ድምፅ አስመስለው ያወራሉ፤ ስለ መጅሊሱ ምርጫ ቀልድ ፈጥረው በስልክ ይላላካሉ። ከአባቶቻችን መካከል ይህን ያልወደዱ አሉ። «ወንድሞቻችን ታስረው፣ እናቶቻቸው ስንቅ ቋጥረው በእስር ቤት በር ተሰልፈው፣ የእኛ ጥርስ እንዴት ይገለጣል? መስጂድ የዒባዳ ቤት ነው ወይስ የቲያትር?» ይላሉ። «ቀልድና ቅዘን ቤት ያጠፋል» እያሉ የሚተርቱም አልጠፉም።

ወጣቶቹም መልስ አላቸው። «ስንጮህ አክራሪ ተባልን፤ ዝም ብለን ስንቀመጥ ከጀርባቸው ሌላ ነገር አለ ተባልን፤ ነጭ ጨርቅ ስናውለበልብም የቀረልን ስም የለም። እስቲ ደግሞ ስቀን እንያቸው» ይላሉ።

ዝግጅት ክፍላችን በዚህ ጉዳይ ላይ አቋም አለው። ቀልድ ለሰላማዊ ትግላችን ይጠቅማል፤ በግድ የተለጠፈብንን ስም ለማንሳት ከሚረዱን ነገሮችም አንዱ ነው። ሆኖም አደቡን የሳተ ቀልድ ያንኑ ስም መልሶ ይለጥፍብናል። ስለዚህ ልንነጋገርበት የሚገባው «እንሳቅ ወይስ አንሳቅ» የሚለው ሳይሆን «በምን እንሳቅ፣ እንዴትስ እንሳቅ» የሚለው ነው።

ከራሳችን ቤት እንጀምር

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ይቀልዱ ነበር። አንድ ሰው የሚጓዝበት እንስሳ እንዲሰጡት ቢጠይቃቸው የግመል ልጅ እንደሚሰጡት ነገሩት። ሰውየው ግራ ገባውና የግመል ግልገል ምን ያደርግልኛል አለ። እርሳቸውም ከግመል ያልተወለደ ግመል አለ ወይ የሚል መልስ ሰጡት። ይህን አቡ ዳውድና ቲርሚዚይ ዘግበውታል። ሰሃቦችም ከእኛ ጋር ይቀልዳሉን ብለው በጠየቋቸው ጊዜ፣ ሲቀልዱም ከእውነት በቀር እንደማይናገሩ አስረድተዋቸዋል። እነዚህን ሁለት ዘገባዎች አንድ ላይ እንያዛቸው፤ ቀልድ መፈቀዱንም ልኩንም ይነግሩናልና።

ሳቅ ማብዛት ልብን ይገድላል የሚለውን ሐዲስ የሚያነሱ ወንድሞች አሉ። ሐዲሱን እናውቀዋለን፤ በመድረሳም እናስተምረዋለን። የተከለከለው ግን ማብዛቱ ነው። ውሎው ሁሉ ሳቅ የሆነ ሰውና፣ በመከራ መሐል ወንድሙን አስቆ የሚያበረታ ሰው አንድ አይደሉም።

«በሐዘን ጊዜ እንዴት?» ለሚለው ደግሞ የኸንደቅን ቀን እናስታውስ። በሒጅራ 5ኛው ዓመት አሕዛብ መዲናን ሊከቡ በመጡ ጊዜ ረሃቡም ብርዱም ፍርሃቱም ባንድ ላይ ነበር። ሰሃቦች ቦዩን የቆፈሩት ግን አንገታቸውን ደፍተው አልነበረም። ግጥም እየተቀባበሉ ቆፈሩ፤ ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) አብረዋቸው አፈር እየተሸከሙ ይቀበሏቸው ነበር። በጭንቅ ቀን ልብን ከፍ የሚያደርግ ነገር ማድረግ መከራውን መናቅ አይደለም። ያገራችን ሰውም «ጥርስ ባዳ ነው» ይላል፤ የሚስቅ ሁሉ ሐዘኑን የረሳ እንዳይመስለን ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የነቢዩላህ ኢብራሂም (ዐ.ሰ) ታሪክ በሱረቱል አንቢያእ ተነግሮናል። ጣዖታቱን ሰባብረው ትልቁን ብቻ ተዉት። ሕዝባቸው ማን እንዳደረገው ሲጠይቃቸው ወደ ትልቁ ጠቆሙና፣ መናገር ከቻሉ ራሳቸውን ጠይቋቸው አሉ። ሕዝቡ ለአንዲት ቅጽበት ወደ ራሱ ተመለሰ፤ በዳዩ ማን እንደሆነ ውስጡ ነገረው። ከዚያ ግን ወዲያው ተገልብጠው፣ እነዚህ እንደማይናገሩ አንተም ታውቃለህ አሉ። ረጅም ክርክር ሊያወጣው ያልቻለውን እውነት፣ በራሳቸው አንደበት እንዲናገሩት አደረጓቸው።

ሁለት ነገር ልብ እንበል። አንደኛ፣ መስበሩ ለነቢዩ የተሰጠ ተልእኮ ነበር፤ እኛ የማንንም ንብረት ልንሰብር አልተነሳንም። የምንወስደው ጥያቄውን ነው። ሁለተኛ፣ ሕዝቡ እውነቱን ካየ በኋላ ያደረገው ነገር እሳት ማንደድ ነበር። የሚያሳፍር ጥያቄ የጠየቀ ሰው ቁጣ ይጠብቀዋል። ቀልድ ከዱላ ያድናል ብሎ የሚነሳ ካለ ተሳስቷል።

ፍርሃት እንዴት ይሠራል?

በ2005 ዓ.ም. «ጀሃዳዊ ሐረካት» የተሰኘው ፊልም በኢቲቪ ሲተላለፍ ለማን ነበር የተዘጋጀው? ለእኛ ብቻ አልነበረም። ከግድግዳችን ማዶ ላለው ክርስቲያን ጎረቤታችን ነበር። ቡና ስንጠራው የሚመጣው፣ ሐዘን ላይ አብሮን የሚቀመጠው ሰው፣ ነገ በጥርጣሬ እንዲያየን ነበር። ለእኛ ለራሳችን ደግሞ ሌላ መልእክት ነበረው፤ «ብቻህን ነህ፤ ዝም ካላልክ የእነሱ እጣ ይደርስሃል» የሚል።

ፍርሃት እንዲህ ነው። አንድ ሺህ ሰው በአንድ ግቢ ቆሞ እያንዳንዱ የሚፈራው እሱ ብቻ ይመስለዋል። አንድ ሰው እውነት ያዘለ ቀልድ ጣል ሲያደርግና ሺው ሰው ሲስቅ፣ እያንዳንዱ ዘወር ብሎ ጎረቤቱን ያያል። «አንተም እንደኔ ታስባለህ ለካ!» ይላል። ማንም ሳይጮህ፣ ማንም መግለጫ ሳያነብ፣ ብቸኝነቱ ያልቃል። ማዶ ያለው ጎረቤትም ያያል። አሸባሪ ነው የተባለው ሰው አብሮት ሲስቅ ያገኘዋል። አብሮ የሳቀን ሰው መፍራት ከባድ ነው።

ከሌሎች ሀገሮች የምንማረው

ይህን ነገር ከእኛ በፊት የሞከሩት ብዙ ናቸው። በፖላንድ በ1981 ወታደራዊ አገዛዝ ከታወጀ በኋላ ሰው ግድግዳ ላይ መፈክር ሲጽፍ ፖሊስ በቀለም ይሸፍነው ነበር። በቭሮትስዋፍ ከተማ «ብርቱካናማው አማራጭ» የሚባሉ ወጣቶች ፖሊስ ቀለም በቀባበት ቦታ ላይ በልጆች ተረት ውስጥ ያሉትን ባለ ረጅም ቆብ ትንንሽ ሰዎች መሳል ጀመሩ። መፈክር የለውም፤ ስድብ የለውም። ግን ያየው ሁሉ ከሥሩ ምን እንደተሸፈነ ያውቃል። ሰኔ 1 ቀን 1988 ከአሥር ሺህ የሚበልጥ ሰው እንዲህ ያለ ቆብ አድርጎ በከተማዋ መሐል ወጣ። ፖሊስ አጣብቂኝ ውስጥ ገባ። ዝም ቢል ሰልፉ ደመቀ፤ ቢያስር ደግሞ «ወንጀሉ ምንድን ነው?» ሲባል «ቆብ አድርጎ» ብሎ መመለስ ሊኖርበት ነው።

በሰርቢያ «ኦትፖር» የሚባለው የተማሪዎች እንቅስቃሴ በ1998 ተመሠረተ። በአንድ ወቅት እነዚህ ተማሪዎች በቤልግሬድ ገበያተኛ በሚበዛበት መንገድ ላይ የፕሬዚዳንት ሚሎሶቪችን ፎቶ የለጠፈ በርሜል አቆሙ። አጠገቡ ዱላ አኖሩ። ሳንቲም የጣለ አንድ ጊዜ መምታት ይችላል። ራሳቸው ዞር ብለው ሻይ ቤት ተቀመጡ። አላፊ አግዳሚው ተሰልፎ እየሳቀ መታ። ፖሊሶች ሲደርሱ የሚያስሩት አጡ፤ መንገደኛውን ሁሉ ማሰር አይቻልም፤ በርሜሉን ትቶ መሄድም አልተቻለም። በመጨረሻ በርሜሉን ጭነው ወሰዱት። ሀገሩ ሁሉ «ፖሊስ በርሜል አሰረ» ብሎ ሳቀ። ሚሎሶቪች ጥቅምት 5 ቀን 2000 ከሥልጣን ወረደ። ያወረደው በርሜሉ አይደለም፤ ምርጫውን እንዳይሰረቅ የጠበቀው፣ ሥራ ያቆመው፣ አደባባይ የወጣው ሕዝብ ነው። ቀልዱ ግን ያ ሕዝብ ከፍርሃቱ እንዲወጣ ረድቶታል።

እኛ በርሜሉን እንቅዳ አላልንም። ፊትን መምታት በሃይማኖታችን የተከለከለ ነው፤ የሰው ፊት ለጥፎ በዱላ መደብደብ ለእኛ አይስማማም። የምንማረው ከአሠራሩ ነው። ባለሥልጣኑ ዝም ቢልም ቢቆጣም የሚያፍርበት፣ ተመልካቹ ግን የሚስቅበት ነገር ማሰብ ይቻላል።

ወደ ሙስሊሙ ዓለም ስንመጣ፣ በግብፅ ከጥር 25 እስከ የካቲት 11 ቀን 2011 በነበሩት 18 ቀናት የተሕሪር አደባባይ የቀልድ ገበያም ነበር። ሙባረክን «ሂድልን፤ እጄ ዛለ» የሚል ወረቀት የያዘ ነበረ፤ «ሂድልን፤ ገላዬን ልታጠብ» የሚልም ነበረ። የመንግሥት ደጋፊ የሆኑ መገናኛ ብዙኃን ሰልፈኞቹ ከውጭ ኃይል ገንዘብና የኬንታኪ ዶሮ ይታደላቸዋል ብለው ሲያወሩ፣ ሰዉ ደረቅ ዳቦውንና ኩሸሪውን ከፍ እያደረገ «ኬንታኪያችን ይኸው!» አለ። «ከውጭ ገንዘብ ይመጣላቸዋል» የሚለውን ክስ እኛም በደንብ እናውቀዋለን። ግብፆች ለዚህ ክስ የሰጡት መልስ ባለ አሥር ነጥብ ማስተባበያ አልነበረም፤ አንድ ቁራሽ ዳቦ ነበር።

በሶሪያም በ2011 ወጣቶች በደማስቆ «ነፃነት» የሚሉና ይህን የመሰሉ ቃላት የተጻፈባቸውን የጠረጴዛ ቴኒስ ኳሶች ከፍ ካለ ቦታ ወደ ታች ለቀቁ። የታጠቁ የጸጥታ ሰዎች ትንንሽ ኳሶች ሲያሳድዱ ታዩ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ውስጥ ግን ታዋቂውን ካርቱን ሠሪ ዓሊ ፈርዛትን ጭንብል ያጠለቁ ሰዎች ደብድበው እጆቹን ሰበሩ። ሶሪያ ከዚያ በኋላ ምን እንደደረሰባት ሁላችንም የምናውቀው ነው። ይህን የምንጽፈው ለማስፈራራት አይደለም። ለሥዕል እጅ የሚሰበር ከሆነ ቀልድ ቀላል ነገር አለመሆኑን ማንም ይረዳል፤ ቀልደኛ ልጅ ያለው አባትም ልጁ ምን እንደሚሠራ ማወቅ አለበት።

እኛስ ቢሆን ይህን መንገድ አናውቀውም? ቢጫ ወረቀት ከፍ አድርገን ባሳየን ጊዜ ትርጉሙን ለማንም ማስረዳት አላስፈለገንም። ኳስ የሚያይ ሁሉ ዳኛ ቢጫ ሲያወጣ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ማስጠንቀቂያ ነው፤ ግን ስድብ የለበትም፤ ድንጋይ የለበትም። ሕዝቡ ዳኛ፣ ባለሥልጣኑ ጥፋት የሠራ ተጫዋች ሆነ። የተናገርነው አንድም ቃል አልነበረም።

የመስጂዱ ምርጫ በቀበሌ

ጥሩ ቀልድ ምን እንደሚመስል አንድ ምሳሌ እናንሳ። መስከረም 27 ቀን 2005 ዓ.ም. የመጅሊሱ ምርጫ በመስጂድ መሆኑ ቀርቶ በቀበሌ አዳራሽ እንዲሆን ተደረገ። ስለዚህ ብዙ ጽፈናል፤ ሕገ መንግሥቱን ጠቅሰናል፤ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው የሚለውን አንቀጽ ደጋግመናል። አንድ ሰው ግን እንዲህ ቢል፦ «የመስጂዱ ምርጫ በቀበሌ ከሆነ፣ የቀበሌውም ምርጫ በመስጂድ ይሁንልን!» ነገሩ አለቀ። ሕግ ያልተማረው ይረዳዋል። ክርስቲያን ጎረቤታችንም ስቆ «እውነት እኮ ነው፤ የኛንስ ጳጳስ ቀበሌ ቢመርጠው!» ይላል። የማንም ክብር አልተነካም፤ ውሸት የለበትም። ባለሥልጣኑም መልስ የለውም።

አሁን መጥፎውን እንመልከት። አንድ የመጅሊስ ሹም ሲራመድ ያነክሳል ብሎ አካሄዱን እያስመሰሉ ማሳቅ፤ በር ላይ የቆመውን ፖሊስ ከገጠር መጥቶ አማርኛው ስለሚሰባበር አነጋገሩን መቅዳት። ይህ ያስቃል፤ መሳቁ አይካድም። ነገር ግን ማነከስ የአላህ ውሳኔ ነው እንጂ የሹሙ ጥፋት አይደለም። ፖሊሱም የድሃ ልጅ ነው፤ በአነጋገሩ ስትስቅበት የሚሰማው ስለ መብት የጠየቅኸውን ሳይሆን ብሔሩን መስደብህን ነው። ነገ ዱላ አንሣ ሲባል እጁ ይፈጥናል። በጥሩ ቀልድ ግን ያው ፖሊስ ቆቡን ዝቅ አድርጎ ፈገግታውን ሊደብቅ ይችላል። ከሁለቱ የትኛውን ፖሊስ እንደምንፈልግ እናውቃለን።

መለኪያዎቻችን

ስለዚህ ማንኛውም ቀልድ ወደ ጀመዓው ከመውጣቱ በፊት በሚከተሉት ይመዘን።

አንደኛ፣ እውነት ይሁን። ሰው ለማሳቅ ብሎ በሚዋሽ ላይ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ወዮታን ደጋግመዋል። ስለ አንድ ባለሥልጣን ቤተሰብ የተፈጠረ ወሬ፣ ተቆርጦ የተቀጠለ ፎቶ፣ ያልተባለ ንግግር፣ ሁሉም ከዚህ ይገባል። በአንድ ውሸት ከተያዝን የተናገርነው መቶ እውነት አብሮ ይወድቃል።

ሁለተኛ፣ በሥራው እንጂ በማንነቱ ላይ አይሁን። በሱረቱል ሑጁራት አላህ (ሱ.ወ) ወንዶች በወንዶች፣ ሴቶችም በሴቶች እንዳይሳለቁ፣ በመጥፎ ቅጽል ስምም እንዳይጠራሩ ከልክሏል፤ የተሳለቁባቸው ምናልባት ከእነሱ የተሻሉ ሊሆኑ ይችላሉና። በደል፣ ውሳኔ፣ ውሸት ይተች። መልክ፣ አካል፣ ብሔር፣ ድህነት አይነካ። አህባሽን በተመለከተም የምንቃወመው በግድ መጫኑን ነው፤ አስተሳሰቡን በዒልም እንሞግታለን። የተከተለውን ሰው መሳለቂያ ማድረግ ግን አንድ ሰው እንኳ አይመልስም።

ሦስተኛ፣ የሌላውን እምነት አይንካ። ሱረቱል አንዓም ሌሎች የሚያመልኩትን እንዳንሰድብ ያስተምረናል፤ እነሱም ባለማወቅ ወደ መሳደብ እንዳይሄዱ። ጥያቄያችን የሃይማኖት ነፃነት ሆኖ ሳለ በሰው ሃይማኖት የሚቀልድ ሰው ጥያቄያችንን ሳያውቅ አፍርሶታል።

አራተኛ፣ ማንንም አያስደንግጥ። በጉዞ ላይ የተኛን ሰሃባ ገመዱን በቀልድ ወስደውበት በደነገጠ ጊዜ፣ ሙስሊምን ማስደንገጥ እንደማይፈቀድ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ተናግረዋል። በሰው መሐል ርችት መተኮስ፣ «መጡ! መጡ!» ብሎ ማስሮጥ፣ ሴቶችና አዛውንቶች ባሉበት ግርግር መፍጠር ቀልድ አይደለም። ሰው ሊረገጥ ይችላል፤ ሁከት ፈለጉ ለሚሉንም ሰበብ ይሆናል።

አምስተኛ፣ ቦታና ጊዜ ይወቅ። ኢማሙ ኹጥባ ላይ እያሉ ጓደኛን «ዝም በል» ማለት እንኳ የጁሙዓን አጅር ይጎዳል። ሶላት፣ ኹጥባና ጀናዛ የቀልድ ቦታ አይደሉም፤ የታሳሪ ቤተሰብ የሚሰለፍበት በርም እንዲሁ።

ስድስተኛ፣ ዋጋውን ራሱ የቀለደው ይክፈል። ራስህ የማትይዘውን ወረቀት ለአሥር ዓመት ልጅ አታስይዝ። የሰው ስም ያለበትን መልእክት ከሌላ ሰው ስልክ አትላክ። ወንድምህን ወደ እስር የሚወስድ ቀልድ፣ አንተ ቤትህ ተኝተህ የምትስቅበት ከሆነ፣ ጀግንነት አይባልም።

እነዚህ ሁሉ ቢረሱ አንዷን ብቻ ያዙ። የታሳሪ እናት ፊት ለፊት ቆማ ብትሰማው ትስቃለች ወይስ ፊቷን ታዞራለች? እሷ ፊቷን የምታዞርበት ቀልድ በጀመዓችን ቦታ የለውም።

ለአባቶቻችንና ለወጣቶቻችን

አባቶቻችን ሆይ፣ ቀልድን ለእናንተ ማስተማር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ወርቁን በሰም ሸፍኖ መናገር፣ ሹምን ሳይሰድቡ ማሳፈር፣ በአንድ ተረት የሸንጎን ክርክር መቋጨት የእናንተ ዕውቀት ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እኩል የሚያወራቸው የአለቃ ገብረ ሃና ቀልዶች እስከ ዛሬ የቆዩት ጮማ ቆራጩን ሹም እያሳፈሩ ድሃውን ስላሳቁ ነው። ወጣቱን «ተው» ብላችሁ ብቻ ብትመልሱት ሄዶ ብቻውን ይቀልዳል፤ ያኔ አደቡን ማን ያስተምረዋል? አስቀምጡት፤ ያሰበውን ስሙት፤ ጎደሎውን ሙሉለት።

ወጣቶቻችን ሆይ፣ ቀልድ የትግሉ ቅመም ነው። ቅመም ብቻውን አይበላም። ጥያቄያችን የታወቀ ነው፤ መጅሊሳችን በራሳችን፣ በመስጂዳችን ይመረጥ፤ አስተምህሮ በግድ አይጫንብን። አንድ ቀልድ ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱን ካላስታወሰ፣ ያስቃል እንጂ አይታገልም። ከዚህ ጁሙዓ ጀምሮ ያዘጋጃችሁትን ወረቀትም ሆነ መልእክት በየመስጂዳችሁ ለምታምኗቸው ለሁለት አዛውንትና ለአንድ ኡስታዝ አሳዩ። እነሱ ከሳቁ ይውጣ። ካልሳቁ ወይም ከቀፈፋቸው ሌላ አስቡ፤ ሐሳብ አያልቅባችሁም።

በአክራሪነት ስንከሰስ ረጅም ጊዜ ሆነን። ክሱን የምናፈርሰው ባህሪያችንን በማሳየት ነው። ሶብራችንን አይተዋል፤ ዝምታችንን አይተዋል። አሁን ደግሞ የረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ፈገግታ ይዩብን።

አላህ (ሱ.ወ) የታሰሩትን ያስፈታልን፤ የእናቶቻቸውን እንባ ያብስልን፤ ምላሳችንን ከውሸትና ከስድብ ይጠብቅልን። አሚን።

ድምፃችን ይሰማ!
አላሁ አክበር!